አንድ ጆሮዋ ተዘግቶ ለተወለደች ሕፃን፦ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የመስማት ምርመራው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ደሴ የሚኖሩ አንዲት እናት 16 ወር የሆናት ሴት ልጅ አለቻቸው። ልጅቱ ከተወለደች ጀምሮ ቀኝ ጆሮዋ ትንሽ የተጨማደደ ሥጋ ብቻ ነው፤ ቀዳዳም የለውም። ግራ ጆሮዋ በመልኩ ምንም አልጎደለውም። በተወለደችበት ሆስፒታል «ስድስት ዓመት ሲሞላት በኦፕራሲዮን ይከፈትላታል፤ እስከዚያ ምንም አያስፈልጋትም» ተብለው የተሰናበቱ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ የመስማት ምርመራ አልተደረገላትም። ልጅቱ «እማ» እና «እንካ» ከማለት ያለፈ ቃል አላወጣችም። ጎረቤት «ምላሷ ታስሮ ነው» ይላል፤ ጂዳ የምትኖር አክስቷ ደግሞ ቀዳዳው በውጭ አገር ቶሎ እንዲከፈት ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምራለች። እናቲቱ ማወቅ የሚፈልጉት ልጃቸው ትሰማ እንደሆነ፣ እስከ ስድስት ዓመት መጠበቅ ግዴታ መሆኑንና አለመሆኑን፣ ቀዳዳው ቢከፈት እንደ ሌላው ልጅ ትሰማ እንደሆነ፣ በአምስተኛው ወር እርግዝናቸው ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የወሰዱት አሞክሲሲሊን ለዚህ አብቅቷት እንደሆነ፣ ሌላ ልጅ ቢወልዱም ይኸው ይደገም እንደሆነ ነው።

ዋናውን ነገር ላስቀድም። ቀዶ ሕክምናው የሚጠብቅ ነገር ነው፤ የመስማት ምርመራው ግን ከእንግዲህ አንድ ወርም ሊጠብቅ አይገባም። እነዚህ ሁለት ጉዳዮች በብዙ ሰው ዘንድ፣ አልፎ አልፎም በጤና ባለሙያዎች ዘንድ፣ እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ «ቀዶ ሕክምናው ልጅቱ ከፍ ስትል ነው» የሚለው ትክክለኛ ምክር «ልጅቱ ከፍ እስክትል ምንም አይደረግም» ወደሚል ጎጂ ምክር ይለወጣል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተለመደው አሠራር ሕፃን ሁሉ በተወለደ በ1 ወር ውስጥ የመስማት ልየታ (ችግር ያለበትን ከሌለበት የሚለይ አጭር የመጀመሪያ ማጣሪያ) እንዲደረግለት፣ ችግር ከታየ እስከ 3 ወር ምርመራው እንዲጠናቀቅ፣ እስከ 6 ወር ደግሞ እርዳታው እንዲጀመር ነው፤ ጆሮው ተዘግቶ የተወለደ ልጅ ደግሞ ልየታ ሳያስፈልገው በቀጥታ ወደ ምርመራ የሚላክ ነው። ልጅዎ ከዚህ ሰሌዳ ዘግይታለች፤ ይህን የምለው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም፣ የተነገራችሁን አድርጋችኋልና። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝም የተዘጋው ቀኝ ጆሮዋ አይደለም፤ መልኩ ደኅና ስለሆነ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ግራ ጆሮዋ ነው።

የልጅዎ ችግር በሕክምና ሁለት ስም አለው፤ የጆሮ ቅጠሉ አንሶ መፈጠር ማይክሮሺያ፣ የጆሮ ቀዳዳው ሳይፈጠር መቅረት ደግሞ አትሬዥያ ይባላል፤ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይመጣሉ። ከየአገሩ የሚወጡት አኃዞች ቢለያዩም ከ10,000 ሕፃናት አንድ እስከ አራት በሚሆኑት ላይ የሚታይ ነው። ከግራ ይልቅ በቀኝ፣ ከሁለቱም ይልቅ በአንዱ ጆሮ ላይ፣ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ይበዛል። ከጆሮ ፊት ለፊት የምትታይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ወይም ቁራጭ ሥጋ ግን ሌላ ነገር ናት፤ እርሷ በአገራችን እጅግ የተለመደች ስትሆን የጆሮው ቀዳዳና ቅጠሉ ሙሉ ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ከመስማት ጋር ግንኙነት የላትም።

የተዘጋ ጆሮ የሞተ ጆሮ እንዳልሆነ ለመረዳት የጆሮን አሠራር በጥቂቱ ማየት ያስፈልጋል። ድምፅ በቀዳዳው ገብቶ የጆሮ ታምቡርን ያንቀጠቅጣል፤ ታምቡሩ ከኋላው የተያያዙትን መዶሻ፣ መስፍና እርካብ የሚባሉትን ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ያንቀሳቅሳል፤ እርካቡ ደግሞ ንዝረቱን ኮክሊያ ወደሚባለውና በፈሳሽ ወደተሞላው የውስጥ ጆሮ ያስተላልፋል። ድምፁን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጠው ይህ የውስጥ ጆሮ ነው። አሁን ወሳኙ ነጥብ፣ ጽንሱ ውስጥ የውጭና የመካከለኛው ጆሮ የሚሠሩበት ሕብረ ሕዋስና የውስጥ ጆሮ የሚሠራበት ሕብረ ሕዋስ የተለያዩ መሆናቸው ነው። የጆሮ ቅጠሉ፣ ቀዳዳውና ትንንሾቹ አጥንቶች መንጋጋም ጭምር ከሚሠራበት የፊት ክፍል ሲወጡ፣ ኮክሊያ ግን ከዚያ ተለይቶና ቀድሞ መፈጠር ይጀምራል። ስለዚህም የውጭው በር ሳይሠራ በቀረባቸው ልጆች በአብዛኞቹ ላይ የውስጡ ጆሮ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። «በአብዛኞቹ» ማለቴን ልብ ይበሉ፤ በጥቂቶቹ የውስጡም ጆሮ አብሮ ስለሚጎዳ ነው ምርመራውን በግምት መተካት የማይቻለው።

ድምፅ ወደ ኮክሊያ የሚደርስበት ሌላም መንገድ አለ፤ እርሱም የራስ ቅል አጥንት ነው። ሁለቱን ጆሮዎችዎን በጣት ጥብቅ አድርገው ዘግተው አፍዎን ሳይከፍቱ ቢያንጎራጉሩ የራስዎ ድምፅ ከወትሮው ጎልቶ ይሰማዎታል፤ ቀዳዳው ተዘግቶ ሳለ ድምፁ በአጥንት በኩል እየደረሰ ነው። የልጅዎ ቀኝ ጆሮም እንዲሁ በአጥንት በኩል የሚመጣለትን ንዝረት የመቀበል ዕድሉ ሰፊ ነው። በአየር በኩል የሚመጣውን ግን እንዲህ ያለ ጆሮ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 65 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ያህል ያጣዋል። ሹክሹክታ ወደ 30፣ በአንድ ሜትር ርቀት የሚደረግ ተራ ጭውውት ደግሞ ወደ 60 ዴሲቤል መሆኑን ካስታወስን፣ ቀኝ ጆሮዋ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጭውውቱ እንደ ማጉረምረም ቢደርሳት ነው፤ ቃል ለመለየት አይበቃትም። ሁለቱም ጆሮዋቸው የተዘጋ ልጆች ያለ መሣሪያ ንግግር የማይጀምሩት በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ወደ ግራው ጆሮ እንምጣ። አንድ ሙሉ ጤነኛ ጆሮ ያለው ልጅ ቋንቋ ለመያዝ በቂ ድምፅ ያገኛል፤ ከእኩዮቹ በመጠኑ ሊዘገይ ይችላል እንጂ ሳይናገር አይቀርም። በ16 ወር ሁለት ቃል ማለት በራሱ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ያላቸው ጤነኛ ልጆች ብዙ ናቸው። ነገር ግን አንድ ጆሮዋ የተዘጋ ልጅ በዚህ መጠን ስትዘገይ «ቀኙ ስለተዘጋ ነው» ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው፤ ቀኙ ብቻውን ይህን ያህል አያዘገይም። መጠየቅ ያለበት ግራው በእርግጥ ይሰማል ወይ የሚለው ነው። በዚህ ዕድሜ ከሚያጋጥሙት ሁሉ የተለመደው ጉንፋን ተደጋግሞ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ መቋጠሩ ነው፤ ጆሮው አይመግልም፣ ልጅቱ አታለቅስም፣ ትኩሳትም የለም፤ መስማቷ ግን ከ20 እስከ 40 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ሁለት ጆሮ ላለው ልጅ ይህ የሚያልፍ ነገር ነው፤ ለልጅዎ ግን ያለው ብቸኛ በር ገርበብ አለ ማለት ነው። ከዚህ ያነሰ የተለመደ ቢሆንም በመልኩ ደኅና የሆነው ጆሮ ራሱ ከውስጥ ችግር ያለበት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም አለ።

ስለ ምላሷ የተባለውን በአጭሩ ልለፈው። ምላስን ከሥሩ የሚይዘው ክር ማጠሩ ጡት መጥባትን ወይም አንዳንድ ፊደላትን ጥርት አድርጎ ማውጣትን ሊያስቸግር ይችላል እንጂ ልጅ ቃል እንዳይማር አያደርግም። የመስማት ምርመራ ሳይደረግ ምላሷን ማስቆረጥ፣ በተለይም በባሕላዊ መንገድ፣ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ከማጋለጥ በቀር የሚያስገኘው ነገር የለም።

ምርመራው በደንብ እንዲሠራ እርስዎም ምን እንደሚጠይቁ ማወቅ አለብዎት። መነሻው የአንገት በላይ ሐኪም ግራ ጆሮዋን በመሣሪያ እንዲያይ፣ ቲምፓኖሜትሪ በሚባለውም ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ መኖር አለመኖሩን እንዲለይ ማድረግ ነው፤ ይህ ከደቂቃ የማይበልጥና የማያም ምርመራ ነው። ጨቅላ ሕፃናትን ለመለየት የሚያገለግለው ኦቶአኮስቲክ ኢሚሽን የተባለው ምርመራ ለግራው ይጠቅማል፤ ለቀኙ ግን አይሠራም፣ ትንሿ መሰኪያ የምትገባበት ቀዳዳ የለምና። ስለዚህ «ቀኙ ምርመራውን ወደቀ» የሚል ወረቀት ቢሰጥዎት ምንም አዲስ ነገር አልነገረዎትም።

የበለጠ የሚነግረን ኤቢአር የሚባለው ነው፤ ልጅቱ ተኝታ ሳለ በግንባሯና ከጆሮዋ ጀርባ ጥቃቅን ኤሌክትሮዶች ተለጥፈው ለድምፅ አንጎሏ የሚሰጠው ምላሽ ይመዘገባል። እዚህ ላይ ደጋግመው ሊጠይቁ የሚገባዎት ነገር አለ፤ ምርመራው በአየር ብቻ ሳይሆን በአጥንት በኩልም ይደረግላት። በአየር ብቻ ከተደረገ ቀኙ እንደማይሰማ ይነግራችኋል፤ ይህን ደግሞ በዓይናችሁም አውቃችሁታል። የውስጡ ጆሮ ጤነኛ መሆኑን የሚነግራችሁ የአጥንቱ ነው። የአጥንቱ ውጤት ግን አንድ ወጥመድ አለበት፤ ከቀኝ ጆሮ ጀርባ የሚሰጥ ንዝረት የራስ ቅሉን ተሻግሮ ሳይቀንስ ግራውንም ኮክሊያ ስለሚደርሰው ምላሹን የሰጠው የትኛው ጆሮ እንደሆነ ለመለየት ባለሙያው ጥንቃቄ ማድረግ አለበት። ግራው ጆሮ ንዝረቱን እንዳይሰማ የሚሸፍን ድምፅ ተሰጥቶት ነበር ወይ፣ ወይስ የየጆሮው ምላሽ ለየብቻ ተመዝግቧል ወይ ብለው ቢጠይቁ ነውር የለውም፤ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ጥያቄውን በደስታ ይመልሳል።

በዚህ ዕድሜ ሌላም ግሩም ምርመራ አለ፤ ማስተኛትም መርፌም የለውም። ልጅቱ እናቷ ጭን ላይ ትቀመጣለች፤ ፊት ለፊቷ አንድ ሰው በአሻንጉሊት እያጫወተ ዓይኗን ይይዛል፤ ከጎኗ ካለው ድምፅ ማጉያ ቀጭን ድምፅ ሲለቀቅ ዞር ካለች በጨለማ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ከበሮ የሚመታ ዝንጀሮ መብራት በርቶለት ይንቀሳቀሳል። ልጆች ይህን ጨዋታ ወዲያው ይለምዱታል፤ ዝንጀሮዋን ለማየት ሲሉ ድምፁ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶም ይዞራሉ፤ ያቆሙበት ቦታ የመስማታቸው ዳር ነው። ከ6 ወር ገደማ እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ላሉ ልጆች ይሆናል። እናት ድምፁ ሲመጣ እንዳትነቃነቅ አስቀድሞ የሚነገራት ልጅ የእናቷን ገላ ስለምታነብ ነው። በቤት ውስጥ ከኋላ እያጨበጨቡ መሞከር ግን አስተማማኝ አይደለም፤ ልጅ ነፋሱን፣ ጥላውን፣ የወለሉን ንዝረት ተከትላ ትዞራለች፣ ቤተሰቡም «ደኅና ትሰማለች» ብሎ ይረካል።

ምርመራዎቹ በሁሉም ከተማ አይገኙም። የአንገት በላይ ስፔሻሊስቶች የሚሠለጥኑባቸው እንደ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ያሉ ሆስፒታሎች ሪፈር ለመጻፍ የሚታሰቡ ቦታዎች ናቸው። ከደሴ ተነሥተው ከመሄድዎ በፊት ግን ስልክ ደውለው ኤቢአር በአጥንት በኩል የሚሠራ መሆኑን፣ መሣሪያውም በዚያ ሳምንት እየሠራ መሆኑን ይጠይቁ። ለኤቢአር ልጅቱ መተኛት ስላለባት የዚያን ዕለት ጠዋት በመኪና ውስጥ እንዳትተኛ አድርገው፣ ጥቂት አስርበው ቢወስዷትና እዚያው አጥብተው ወይም መግበው ቢያስተኟት ማደንዘዣ ሳያስፈልግ ሊያልቅ ይችላል፤ ማስተኛ መድኃኒት እንሰጣለን የሚሉ ከሆነ ግን ስለ ምግቡ እነርሱ የሚሉትን ብቻ ይከተሉ።

ውጤቱ ግራው ሙሉ በሙሉ ጤነኛ ነው ካለ፣ የተዘጋውን ጆሮ በተመለከተ ሁለት አግባብ ያላቸው መንገዶች አሉ። አንደኛው ንግግሯን በየስድስት ወሩ፣ መስማቷንም ቢያንስ በየዓመቱ እየተከታተሉ መቆየት ነው፤ በ18 ወር ወደ አሥር ቃል፣ በሁለት ዓመት ሁለት ቃላትን አያይዞ መናገር ይጠበቃል። ሁለተኛው ለስላሳ የራስ ማሰሪያ ላይ የተያያዘ፣ ድምፅን በራስ ቅል አጥንት በኩል የሚያስተላልፍ የአጥንት መስሚያ መሣሪያ ማስለመድ ነው። ባለሙያዎች በዚህ ላይ በአንድ ድምፅ አይናገሩም፤ እኔ በበኩሌ ንግግሯ እንደ ልጅዎ የዘገየ ሲሆን መሣሪያው የሚገኝ ከሆነ ለመሞከር አደላለሁ። አንድ ጆሮ ብቻ መስማቱ ቀላል ነገር ነው የሚለውን የቆየ አስተሳሰብ በአሜሪካ ቫንደርቢልት የነበሩት ተመራማሪዎቹ ቤስ እና ታርፕ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባሳተሙት ጥናት አናግተውታል፤ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሚሰሙት ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ቢያንስ አንድ ክፍል ደግመው ተገኝተዋል። ጥናቱ ከውስጥ ጆሮ ችግር ጋር የነበሩ ልጆችን የሚመለከት ስለሆነ ለእርስዎ ልጅ በቀጥታ አይገለበጥም፤ ጫጫታ በበዛበት ክፍል መምህሩን መስማትና ድምፅ ከየት እንደመጣ መለየት ግን ለሁሉም ያስቸግራል።

ግራው ላይ ፈሳሽ ከተገኘ ለሌሎች ልጆች ሦስት ወር እየጠበቁ ማየት የተለመደ ነው፤ ለልጅዎ ግን ያን ያህል መታገሥ ላያስፈልግ ስለሚችል በታምቡሩ ላይ ትንሽ ቱቦ ስለማስገባት ከሐኪሙ ጋር ቀደም ብለው ይነጋገሩ። ግራው ራሱ በቋሚነት የማይሰማ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ጉዳዩ ወደ አስቸኳይነት ይለወጣል፤ መሣሪያው በዚያው ወር መጀመር አለበት።

የአጥንት መስሚያው ታሪክ አጭር ነው፤ ከአጥንት ጋር የሚዋሐድ የቲታኒየም ችንካር ላይ የሚያያዘው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1977 በስዊድን ጎተንበርግ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተደረገ። ችንካሩ የሚገባበት የራስ ቅል መወፈር ስላለበት በአሜሪካ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይፈቀድም። ለትንንሾቹ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚሆነው ያው መሣሪያ በላስቲክ ጨርቅ ማሰሪያ ላይ ሆኖ ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ላይ ሲጫን ነው። ማሰሪያው አንድ ጣት በምቾት የሚያስገባ ያህል መጥበቅ አለበት፤ ከላላ መሣሪያው ያፏጫል፣ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ቆዳውን ያቀላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጅቱ ስትመገብ ወይም ስትጫወት ለአጭር ጊዜ ማድረግ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ሰዓቱን መጨመር ነው። በጆሮ ውስጥ የሚሰካው ተራ የመስሚያ መሣሪያ ግን ቀዳዳ ለሌለው ጆሮ አይሆንም፤ ይህን የምለው ለቀኝ ጆሮ እንዲህ ያለ መሣሪያ ገዝተው የላኩ ዘመዶች ስለሚያጋጥሙኝ ነው።

ከጥያቄዎ ትንሽ ወጣ ልበልና፣ ይህን ከሚያነቡት መካከል ሁለቱም ጆሮው ተዘግቶ የተወለደ ልጅ ያለው ወላጅ ቢኖር፣ ለእርሱ ነገሩ ከዚህ እጅግ የሚቸኩል ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች «መስማት የተሳነው» ተብለው ተመዝግበው ያለ ምንም ሙከራ ዓመታት ሲያልፉባቸው ይታያል። የምልክት ቋንቋ ሙሉ ቋንቋ ነው፤ መማሩም ለማንም ልጅ ኪሳራ አይደለም፤ ነገር ግን ኮክሊያው ጤነኛ የሆነ ልጅ በአጥንት መስሚያ አማካይነት ንግግርን በደንብ ሊሰማ እየቻለ መሣሪያው ሳይሞከርለት መቅረት የለበትም። ሁለቱም ጆሮ ተዘግቶ፣ የጉንጭ አጥንት ጠፍጥፎ፣ የዓይን ጥግ ወደ ታች ተስቦ፣ አገጭም አንሶ ከታየ ትሪቸር ኮሊንስ የሚባለው በዘር የሚተላለፍ ሁኔታ ይታሰባል፤ የእነዚህ ልጆች አእምሮ እንደማንኛውም ልጅ ነው፤ የሚያዘገያቸው አለመስማቱ ነው።

አሁን ስለ ቀዶ ሕክምናው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ የጆሮ ቅጠሉን መሥራት፣ ሁለተኛው ቀዳዳውን መክፈት። ቅጠሉን መሥራት መልክን እንጂ መስማትን አይመለከትም፤ ብዙውን ጊዜ ከልጁ ከራሱ የጎድን አጥንት ጫፍ በሚወሰድ ልስልስ አጥንት ይሠራል፤ ለዚህም ደረቱ በቂ ማደግ አለበት፤ እንደ አሠራሩ ዘዴ ከ6 ዓመት ገደማ ወይም ከ10 ዓመት ገደማ ጀምሮ ይሆናል። «ስድስት ዓመት» የተባሉበት ምክንያት ይህ ነው። ቀዳዳውን መክፈት የታሰበላት ልጅ ብትሆን እንኳ በዚህ ዘዴ ቅጠሉ ይቀድማል፤ አስቀድሞ የተከፈተ ቀዳዳ የሚያስከትለው ጠባሳ የቆዳውን የደም ዝውውር ስለሚጎዳ ኋላ ጥሩ ቅጠል መሥራት ያዳግታል። ለዚህ ነው አክስቷ ዛሬውኑ ቀዳዳው እንዲከፈት ማሰቧ፣ ከመልካም ልብ የመነጨ ቢሆንም፣ ልጅቱን ሊጎዳ የሚችለው።

ቀዳዳ መክፈት ደግሞ ለሁሉም የሚሆን አይደለም። ከ5 ዓመት በኋላ በሚነሣ ሲቲ ስካን የመካከለኛው ጆሮ ስፋት፣ የትንንሾቹ አጥንቶች ሁኔታ፣ በተለይም የእርካቡ፣ እንዲሁም የፊት ነርቭ አካሄድ ታይቶ ከ10 ነጥብ ይሰጣል፤ መለኪያውን አሜሪካዊው ሐኪም ጃርስዶርፈር ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት ሲሆን ለእርካቡ ብቻ 2 ነጥብ ይሰጠዋል። 8 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ጥሩ ዕድል አለው፤ 5 እና ከዚያ በታች ያገኘ ባይነካ ይሻላል። በእነዚህ ጆሮዎች የፊት ነርቭ ከተለመደው መንገዱ ወጥቶ ስለሚያልፍ ጉዳት ቢደርስበት ፊት ሊጣመም ይችላል። በጥሩ እጅ፣ በተመረጠ ልጅ ላይ ሲሠራም መስማቱ ይሻሻላል እንጂ እንደ ተፈጥሮ ጆሮ የሚሆነው አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ የተሠራው ቀዳዳ መልሶ የመጥበብ ጠባይ አለው፤ ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ቆዳ ስለሚሸፈንም ራሱን አያጸዳምና ዕድሜ ልክ በሐኪም እየተጠረገ ይኖራል። አንድ ጆሮዋ ጤነኛ ለሆነ ልጅ ይህን ሁሉ መክፈል ይገባል ወይ የሚለውን ጊዜው ሲደርስ ራሷም ተካፍላበት ብትወስኑ እመርጣለሁ። እስከዚያው በጂዳ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለምርመራውና ለማሰሪያው መሣሪያ ቢውል አሥር እጥፍ ይጠቅማታል።

አንድ ሁኔታ ግን ሲቲ ስካኑን ያስቸኩላል። ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ያልተዘጋ፣ ጠቦ የቀረ ከሆነ፣ በተለይ 2 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ሲሆን፣ የሚረግፈው ቆዳ መውጫ አጥቶ ከውስጥ እየተከማቸ አጥንት የሚበላ ኮሌስቲያቶማ የሚባል እብጠት ሊሆን ይችላል። ከጆሮው የሚሸት ፈሳሽ፣ ከጀርባው እብጠት ወይም የፊት መጣመም ከታየ ዕድሜ ሳይጠበቅ ይመርመር።

ሐኪሙ ሌላውን ሰውነቷንም እንዲያይ ይጠይቁ፤ የቀኝ መንጋጋዋና ጉንጯ ከግራው ያንሳሉ ወይ፣ ስታለቅስ ፊቷ እኩል ይንቀሳቀሳል ወይ፣ በዓይኗ ነጭ ክፍል ላይ እብጠት አለ ወይ፣ አንገቷ ላይ ቀዳዳ አለ ወይ፣ የልብ ድምፅዋስ። ከእነዚህ አንዱ ከተገኘ፣ ወይም በቤተሰብ የመስማት ወይም የኩላሊት ችግር ካለ፣ የኩላሊት አልትራሳውንድ መደረግ አለበት፤ ጆሮንና ኩላሊትን አብረው የሚነኩ ሁኔታዎች አሉና። አልትራሳውንዱ ርካሽና ጉዳት የሌለው ስለሆነ ምልክት ባይኖርም ቢደረግ አልቃወምም።

በዕለት ተዕለት ኑሮ የግራ ጆሮዋ ጠባቂ እርስዎ ነዎት። ዘይት፣ የጡት ወተት፣ የቅጠል ጭማቂ ወይም የጥጥ እንጨት አይግባበት። ክትባቷ ይሟላ፤ ኩፍኝ፣ ኒሞኮከስ የሚባለው ባክቴሪያና ማጅራት ገትር መስማትን ሊያሳጡ የሚችሉ ናቸው። እንደ ጄንታማይሲን ያለ መስማትን ሊጎዳ የሚችል መርፌ ሲታዘዝላት ያላት አንድ ጆሮ መሆኑን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ሕይወት የሚያድን ከሆነ ይሰጣታል፣ ምትክ ካለ ግን ምትኩ ይመረጣል። ጆሮዋን ከሰው ዓይን ለመሰወር ኮፍያ የሚያደርጉላት ከሆነ ደግሞ ግራውን አብሮ የሚሸፍን አይሁን፤ ቀኙን ለመደበቅ ተብሎ የሚሰማው ጆሮ ሲታፈን ማየት የተለመደ ነው። ሲያነጋግሯት በግራዋ በኩል፣ ፊትዎ እየታያት፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ተዘግቶ ይሁን። መንገድ ላይ ባጃጅ ከየት በኩል እንደሚመጣ በድምፁ መለየት ስለማትችል እጇን መያዝ ከሌሎች ልጆች ረዘም ላለ ዕድሜ ያስፈልጋል። ትምህርት ቤት ስትገባ በፊተኛው ረድፍ፣ ወደ ሰሌዳው ፊቷን ስታዞር በቀኝ በኩል ባለው ጫፍ ትቀመጥ፤ ያን ጊዜ ግራ ጆሮዋ ወደ መምህሩና ወደ ክፍሉ ይሆናል።

በእርግዝና ስለወሰዱት መድኃኒት፣ አሞክሲሲሊን ይህን እንደሚያስከትል አይታወቅም፤ ጊዜውም አይገጥምም። የጆሮ ቅጠሉ የሚጀመረው በጽንሱ አምስተኛና ስድስተኛ ሳምንት ነው፤ ቅጠሉና ቀዳዳው አብረው ሲጎድሉ ሥራው የተደናቀፈው በዚያ ገደማ ነው፤ እርስዎ መድኃኒቱን የወሰዱት ከዚያ ወራት ዘግይተው ነው። ጆሮን በእርግጥ የሚጎዱ መድኃኒቶች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓ ለማቅለሽለሽና ለእንቅልፍ ይሰጥ የነበረው ታሊዶማይድ እጅና እግርን ብቻ ሳይሆን ጆሮንም አሳጥቷል፤ ዛሬም ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን በእርግዝና ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ከእርግዝና በፊት የነበረና ያልተስተካከለ የስኳር በሽታም ዕድሉን ይጨምራል። በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ግን አንድ ተለይቶ የሚጠቆም ምክንያት አይገኝም። ምች ወይም ዓይን መታት የሚለውን የሚያነሡ ሰዎች ክፋት አስበው ባይሆንም፣ ነገሩ ወደ እናት ጥፋት ስለሚያዞር በቤትዎ እንዲደጋገም አይፍቀዱለት።

ሌላ ልጅ ስለመውለድ፣ በእርስዎና በአባትየው ቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ጆሮ፣ የአንገት ቀዳዳ፣ የኩላሊት ችግር ወይም ከልጅነት የጀመረ አለመስማት ከሌለ፣ በልጅቱም ላይ ሌላ ምልክት ካልተገኘ፣ የመደገሙ ዕድል ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። እንደ ትሪቸር ኮሊንስ ያለ ሁኔታ ከወላጆች አንዱ ቢኖረው ግን ለእያንዳንዱ እርግዝና ግማሽ በግማሽ ይሆናል፤ ስለዚህ ለመርገዝ ከማሰብዎ በፊት ሐኪሙ የሁለታችሁንም ፊትና ጆሮ ከቅርብ ቢያይ መልካም ነው። ቀጣዩ ሕፃን ሲወለድም ጆሮው ሙሉ ቢሆን እንኳ ከሆስፒታል ሳይወጣ ወይም በመጀመሪያው ወር ውስጥ የመስማት ልየታ እንዲደረግለት ይጠይቁ።